የሱሉልታው ሱባሩ፦ ባለ ተርቦ መኪና ላይ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ መቼ ያዋጣል?

መኪናው እ.ኤ.አ. የ2006 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ነው፤ ባለ 2.5 ሊትር ተርቦ ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ። ተርቦው አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ነው፤ ሲጨመቅ የሚሞቀውን ያን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለሩ ከሞተሩ በላይ የተኛ ሲሆን አየር የሚያገኘው ኮፈኑ ላይ ካለው አፍ ነው። ባለቤቱ ሱሉልታ ይኖራል። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ማታ በአዲሱ ገበያ በኩል ዳገቱን ይወጣል። መንገዱን የለመደ ያውቀዋል፦ ከፊት ወደ ጎጃም ጭኖ የሚወጣ ተሳቢ፣ ከኋላ ወደ ደርባ የሚመለስ የሲሚንቶ መኪና፣ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ አለ።

ቅሬታው ሦስት ነበር። ዳገቱ ላይ የሙቀት ጌጁ ከመሀል ከፍ ይላል። ከተሳቢው ኋላ ወጥቶ ለመቅደም ሲረገጥ መኪናው ይለግማል። በየሳምንቱ ደግሞ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይጨመርበታል። ባለቤቱ መፍትሔውንም ይዞ ነው የመጣው፦ ከፊት የሚገጠም ትልቅ ኢንተርኩለር፣ ከፋብሪካው እጥፍ የሚወፍር ሙሉ አሉሚኒየም ራዲያተር፣ እና የዘይት ማቀዝቀዣ። የዘይት ማቀዝቀዣው ከዱባይ መጥቶ ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ሊታዘዙ ነው።

ከሦስቱ አንዱም አልተገጠመም። ራዲያተሩ በመጨረሻ ተቀይሯል፣ ግን በሌላ ምክንያት፤ እሱ ወደ ታች ይመጣል።

«አዲስ አበባ እኮ ቀዝቃዛ ነው»

ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም የሚያሰኘው ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ራዲያተር ሙቀቱን የሚያስረክበው ለአየር ክብደት ነው፤ ቬንቲላተር የሚገፋው ግን መጠን ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 101። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ የአዲስ አበባ አየር 0.90 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ጅቡቲ ላይ 40 ዲግሪ የሞቀው አየር እንኳ 1.13 ኪሎ ግራም ነው። ራዲያተሩ 100 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። እዚህ ከአየሩ ጋር ያለው ልዩነት 80 ዲግሪ ነው፣ እዚያ 60። 0.90 በ80 ሲባዛ 72፣ 1.13 በ60 ሲባዛ 68። የሱሉልታ ዳገት ላይ የሚያዘግም ራዲያተር ጅቡቲ ቀትር ላይ ከቆመው የሚሻለው በዚህችው ነው። የአየራችንን ቅዝቃዜ ስስነቱ በልቶታል።

ውሃም እዚህ ቶሎ ይፈላል፤ ክፍት ድስት ውስጥ 92 ዲግሪ ላይ። 1.1 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያለው ራዲያተር ውስጥ ንጹሕ ውሃ 118 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 122። ክዳኑ ካልያዘ ግን በ92 እና በ118 መካከል ያለው መጠባበቂያ በሙሉ ይጠፋል። ለዚህም ነው እዚህ 95 ዲግሪ ላይ ያለ ራዲያተር ሲከፈት በዚያው ቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ የሚነሳው። መኪናው ሳይበርድ ክዳን አይነካም።

ተርቦው ላይ ደግሞ ስሌቱ ይከፋል። ሞተሩ ውስጥ 200 ኪሎ ፓስካል ፍጹም ግፊት (ከዜሮ የሚቆጠር) እንዲገባ ከታዘዘ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ተርቦው አየሩን በ2 እጥፍ ይጨምቃል፣ አዲስ አበባ ላይ በ2.63 እጥፍ። በ25 ዲግሪ አየር ሲሰላ፣ መጭመቂያው 70 በመቶ ብቃት ይዞ በ2 እጥፍ ሲሠራ የሚወጣው አየር 118 ዲግሪ ገደማ ነው። በ2.63 እጥፍ፣ ብቃቱ ወደ 68 ቢወርድ፣ 165 ዲግሪ ይደርሳል። የአየር ፊልትሩና የቧንቧው ኪሳራ አልተቆጠረም። ይህን ትኩስ አየር እንዲያቀዘቅዝ የሚጠበቀው ኢንተርኩለር ደግሞ በውጭው በኩል የሚያገኘው ሩብ ያህል የሳሳ አየር ነው።

ታዲያ ትልቅ ኢንተርኩለር ያስፈልጋል አያሰኝም? ያሰኛል። ግን ቀድሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ያ ሙቀት መጀመሪያ ለምን ይፈጠራል?

ምርመራው

ከሁሉ በፊት የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተፈተሸ። ውሃ የሚያጎድል ሱባሩ ላይ ይህ ሳይጣራ ሌላ ነገር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። የተቃጠለ ጋዝ ውሃው ውስጥ መኖሩን በሚያሳየው ሰማያዊ ፈሳሽ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ሁለት ጊዜ ተሞከረ፤ ወደ ቢጫ አልተለወጠም። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው።

ቀጥሎ ክዳኖቹ። ይህ ሞተር ሁለት አለው፦ አንዱ ራዲያተሩ ላይ፣ ሌላው ከኢንተርኩለሩ ጎን ባለችው የላይኛዋ የውሃ ታንክ ላይ። ግፊት ሲበዛ መክፈት ያለበት የታንኳ ክዳን ነው፤ የራዲያተሩ ጠንከር ያለ ሆኖ ዝም ብሎ መዝጋት አለበት። መልካቸው ስለሚመሳሰል አጥቦ የሚመልስ ሰው በቀላሉ ያለዋውጣቸዋል፤ እዚህም ተለዋውጠው ተገኙ። ሲስተሙ በማይገባው ቦታ ይተነፍሳል፣ ሲበርድም ከመጠባበቂያ ዕቃው መልሶ በወጉ አይስብም፣ ቦታውን አየር ይይዘዋል። የታንኳ ክዳን ላስቲኩም ደርቆ በግፊት መሞከሪያ 0.6 ባር ላይ ለቀቀ። ሳምንታዊው ግማሽ ሊትር የሚሄደው በዚህ ነበር።

ውሃው ቡናማ ነበር፣ ኩላንት የሚባል ነገር አልነካውም። ከሁለቱ ቬንቲላተሮች የአየር ኮንዲሽነሩ ወገን ያለው የራሱ ሞተር ተቃጥሏል። ከሞተር ስር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን የለም፤ ኮረኮንች ሰባብሮት አንዱ ጋራዥ «ምን ያደርግልሃል» ብሎ አውልቆ ጥሎታል። የሚያደርገው ግን ብዙ ነው። በራዲያተሩ ያለፈው አየር ከኋላ ወደ ታች እንዲሳብ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ሳይኖር ከስር የሚገባው አየር ከፊት የሚመጣውን ይገፋል። በራዲያተሩና በፊት ለፊቱ ባለው ኮንደንሰር (የአየር ኮንዲሽነሩ ራዲያተር) መካከል ደግሞ ጣት የማያስገባ ክፍተት አለ፤ ተፈቶ ሲታይ አቧራ፣ የሲሚንቶ ብናኝና የሣር ፍሬ ተጋግሮ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። ከፊት ለሚያይ ሰው ኮንደንሰሩ ንጹሕ ስለሆነ ምንም አይታይም።

ተርሞስታቱን መሞከር እዚህ አገር ትንሽ ብልሃት ይጠይቃል። የዚህ ሞተር ተርሞስታት ከ76 እስከ 80 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፣ 91 ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ድስት ውስጥ በሚፈላ ውሃ ለጥቂት ይሞከራል፤ የእኛ ውሃ 92 ላይ ነው የሚፈላው። 92 ወይም 95 ላይ መከፈት የሚጀምር ተርሞስታት ያለው መኪና ቢሆን ግን ጤነኛው ዕቃ «አልተከፈተም» ተብሎ ይጣል ነበር፤ እንዲህ ዓይነቱ በዘይት ውስጥ ነው የሚሞከረው። የተገኘው የሱባሩ ሳይሆን ተመሳሳይ መጠን ያለው ሌላ ዕቃ ነበር፤ 84 ላይ ጀምሮ ከግማሽ በላይ አልተከፈተም። ተቀየረ።

አንድ ወጥመድ መጠቀስ አለበት። ባለቤቱ በስልኩና የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው የኦቢዲ መሰኪያ «የሚገባው አየር 52 ዲግሪ ደረሰ» የሚል ንባብ ይዞ ነበር፣ የትልቁ ኢንተርኩለር ሐሳብም የመጣው ከዚያ ነው። በዚህ መኪና ላይ ግን ያ ሴንሰር ያለው ከአየር ፊልትሩ ቀጥሎ፣ ከተርቦው በፊት ነው። ስለ ኢንተርኩለሩ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሞተሩን ክፍል ሙቀት ነው የሚያነበው። ስለዚህ ከኢንተርኩለሩ መውጫ ላይ በላስቲኩ ውስጥ ቀጭን የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ገባ።

ጌጁም አይታመንም። መርፌው በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሀል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ሲንቀሳቀስ ከታየ ነገሩ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ልኬት በዚያው ዳገት ላይ፣ ማታ፣ የውጭ አየር 18 ዲግሪ ሳለ ተወሰደ። ከሃያ ደቂቃ ዝግታ በኋላ ውሃው 106 ዲግሪ፣ ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው አየር 71። ለመቅደም ሲረገጥ ወደ 55 ወርዶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መልሶ 68 ደረሰ። ይህ መውረድና መውጣት ዋናው ፍንጭ ነው። መጀመሪያ መውረዱ በዝግታ ጉዞ የተጠራቀመ ሙቀት መኖሩን ያሳያል፤ መልሶ መውጣቱ ደግሞ ተርቦው የሚያመነጨው ከሚገባው በላይ እንደሆነ። ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

የተሠራው ሥራ

ራዲያተሩና ኮንደንሰሩ ተለያይተው ከሞተር ወገን ወደ ፊት፣ በተራ የጎማ ቱቦ ውሃ ታጠቡ። በመኪና ማጠቢያ ፓምፕ አይሞከርም፤ ክንፎቹ ይተኛሉ፣ የተኛ ክንፍ ደግሞ ከቆሻሻው አይሻልም። የውስጡ በንጹሕ ውሃ፣ የካቢን ማሞቂያው ሙሉ ተከፍቶ፣ ጠርቶ እስኪወጣ አራት ጊዜ ታጠበ። በኦሞ የማጠብ ልማድ አለ። አልካሊ ስለሆነ አሉሚኒየም ይበላል፤ አረፋውም ሳምንት አይለቅም።

ኩላንቱ 35 በመቶ ሆኖ ተሞላ፦ ለ7.5 ሊትር ሲስተም 2.6 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት፣ 4.9 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ። ግማሽ በግማሽ የሚባለው ልማድ በረዶ ካለበት አገር የመጣ ነው፤ ኩላንት ሲበዛ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያንሳል። ለሱሉልታ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ 35 ይበቃል፣ ዝገት ለመከላከልም ይበቃል። ዲስቲልድ ውሃ ባትሪ ከሚሸጡበት ይገኛል። እዚያው ቤት አሲዱም በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚቀመጥ፣ ከመጨመሩ በፊት ጠብታውን ሲሚንቶ ላይ ማየት ነው፤ ከፈላ አሲድ ነው።

አየር ማስወጣት ላይ ብዙ ጋራዥ ይሳሳታል። ይህ ሞተር የሚሞላው ከራዲያተሩ ሳይሆን ከላይኛዋ ታንክ ነው። የመኪናው አፍንጫ በክሪክ ከፍ ይላል፣ ራዲያተሩ አናት ላይ ያለችው የአየር መውጫ ብሎን ትላላለች፣ ማሞቂያው ይከፈታል፣ ፈሳሹ ቀስ ተብሎ ይፈሳል፤ አንድ ሊትር ለመጨመር ግማሽ ደቂቃ። ከብሎኗ አረፋ የሌለው ፈሳሽ ሲወጣ ተመልሳ ትታሰራለች። ሞተሩ ተነስቶ ቬንቲላተሮቹ ሁለት ጊዜ እስኪበሩና እስኪጠፉ ይቆያል፣ ከበረደ በኋላ የጎደለው ይሞላል። ራዲያተሩን ብቻ ሞልቶ መዝጋት ተርቦው ዙሪያ አየር ማስቀረት ነው፤ የተርቦው ኩሽኔታ የሚቃጠለው እዚያ ነው።

የተቃጠለው ቬንቲላተር ሞተር ከሶማሌ ተራ በተገኘ ያገለገለ ዕቃ ተተካ፤ ከመገጠሙ በፊት ስንት አምፔር እንደሚስብ ተለካ። ከሞተር ስር ያለው ሽፋን ከ2 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ተሠራ፤ ትኩስ አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አፋቸው ወደ ኋላ ነው። በራዲያተሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት በስፖንጅ ተዘጋ፣ ከፊት የሚገባ አየር በጎን እንዳያመልጥ። ይህች ስፖንጅ ከሁሉም ርካሽ ነበረች። የረዳችው ግን ባለቤቱ ሊያዘው ከነበረው ራዲያተር ባላነሰ ይመስለናል።

ኢንተርኩለሩም ተፈታ። ውስጡ ከሞተር ትንፋሽ የመጣ ዘይት ለብሶ ነበር፤ ቅባት በሚያስለቅቅ ኬሚካል ታጥቦ አንድ ቀን ደረቀ። ከኮፈኑ አፍ ወደ ኢንተርኩለሩ አየር የሚመራው ላስቲክ ተቀዶ ስለነበር ግማሹ አየር ሞተር ላይ ይበተን ነበር። የተርቦው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮም ጠፍቷል። ኢንተርኩለሩ የሚያርፈው ተርቦው አጠገብ ስለሆነ፣ ያለ ቆርቆሮው ምድጃ ጎን የተቀመጠ ማለት ነው። ሁለቱም ተመለሱ።

የተሰነጠቀው ራዲያተር

በሦስተኛው ቀን መኪናው ራዲያተሩ አፍስሶ ተመለሰ። የላይኛው የፕላስቲክ ታንክ ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚገጥምበት ስፌት ላይ ተሰንጥቋል። ምክንያቱ ጥገናው ራሱ ነው። ለወራት 0.6 ባር ብቻ ሲይዝ የኖረ ያረጀ ፕላስቲክ ክዳኑ በአዲስ ሲቀየር በድንገት 1.1 ባር ተጫነው። ክዳን የሚቀይር ሰው ይህን መጠበቅ አለበት፤ ማኒኮቶዎቹ (የውሃ ጎማ ቱቦዎቹ) እና የፕላስቲክ ታንኮቹ ከአሥር ዓመት ካለፉ፣ ለባለቤቱ አስቀድሞ መንገር ይሻል ነበር። እዚህ አልተነገረም፣ ጥፋት ነው።

የተተካው በፋብሪካው ውፍረት ባለ አዲስ ራዲያተር ነው። ወፍራሙ ለምን አልሆነም? ወፍራም ራዲያተር አየር ሊያሳልፍ ከበድ ያለ ግፊት ይፈልጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ግፊቱን ንፋሱ ይሰጠዋል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ግን ያለው ቬንቲላተር ብቻ ነው፣ እሱም በሳሳ አየር ውስጥ የሚያመነጨው ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ወፍራሙ ራዲያተር ችግሩ ባለበት በዚያው ፍጥነት ላይ ነው የሚደክመው።

ሶፍትዌሩ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልኬቱ ተደገመ፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ሰዓት። ውሃው ከ97 አላለፈም። ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው በዝግታ 61 ሆነ። ሲረገጥ ግን መጨረሻው አሁንም 58 ነበር። ሁለተኛው ሕመም አለቀቀም ማለት ነው።

የሞተሩ ኮምፒውተር ሲነበብ የቀድሞ ባለቤት ከውጭ ያስጫነው ሶፍትዌር ተገኘ። 98 ኦክቴን ቤንዚን ላለበትና ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው፣ ግቡ 200 ኪሎ ፓስካል። ፋብሪካው ከፍታ ሲጨምር የተርቦውን ግብ የሚቀንስ ሠንጠረዥ አስቀምጦ ነበር፤ ጫኙ ዜሮ አድርጎታል። ተርቦው ትንሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ «ድረስ» እያለ ሲያዘው ዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ተርቦውን አልፎ እንዲሄድ የሚከፍተው በር) ተዘግቶ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ የሚያመርተው ግን ከአየር ይልቅ ሙቀት ነው። ቤንዚኑ በሙቀት ያለአግባብ ፈንድቶ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል። መለገሙ ይህ ነው። የዘገየ እሳት ደግሞ ማርሚታውንና ውሃውን መልሶ ያሞቃል።

ግቡ ወደ 170 ኪሎ ፓስካል ወረደ፣ የከፍታው ሠንጠረዥ ተመለሰ፣ እሳቱ እዚህ ማደያ ለሚቀዳው ቤንዚን ተስተካከለ። 170 አዲስ አበባ ላይ 2.24 እጥፍ ነው፤ በስሌት ከተርቦው የሚወጣው አየር ከ165 ወደ 135 ዲግሪ ይወርዳል። ሠላሳ ዲግሪ፣ አንድ ዕቃ ሳይገዛ። በወረቀት ሲታይ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በ13 በመቶ ገደማ ያንሳል። መንገድ ላይ ግን እሳቱ ስለማይዘገይ ኪሳራው አልተሰማም፤ እንዲያውም ባለቤቱ «ምን ጨመራችሁበት?» ብሎ ጠይቋል። የመጨረሻው ልኬት ሲረገጥ 46 ዲግሪ ነው።

በመጨረሻ የተጨመረው

የቀረው የዝግታው 61 ዲግሪ ነበር። ከፊት የሚገጠም ኢንተርኩለር ይህን ያሻሽላል፤ ግን ራዲያተሩ ፊት ስለሚቆም የሚመጣለትን አየር ያሞቅበታል፣ ቧንቧው ረዝሞ የተርቦውን መልስ ያዘገያል፣ ሶፍትዌሩም እንደገና ይጻፋል። ለሃያ ደቂቃ ዳገት ይህ ብዙ ነው።

ስለዚህ በምትኩ ኢንተርኩለሩ ላይ የሚረጭ የውሃ መርጫ ተሠራ፤ በአንዳንድ የኢምፕሬዛ ኤስቲአይ ስሪቶች ላይ ከፋብሪካው የሚመጣ ነገር ነው። አንድ የመስታወት ማጠቢያ ፓምፕ፣ ባለ 2 ሊትር ዕቃ፣ ሁለት ጭጋግ የሚረጩ አፎች፣ ባለ ሪሌይ መስመር፣ መሪው አጠገብ አንድ ቁልፍ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 2,400 ኪሎ ጁል ይወስዳል፤ ሳይተን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ቢሞቅ ብቻ የሚወስደው 170 ያህል ነው። ስለዚህ አፉ ጠብታ ሳይሆን ጭጋግ መርጨት አለበት። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ለአምስት ሴኮንድ ሁለት ጊዜ ሲረጭ 61ዱ ወደ 49 ወረደ። በክረምት ዝናብ የሚያገኘው ያነሰ ነው፣ ያኔ ግን አየሩም ቀዝቃዛ ነው። የጉድጓድ ውሃ አይጨመርበትም፤ ክንፎቹ ላይ ነጭ ጨው ይጋግራል።

የዘይት ማቀዝቀዣውን በተመለከተ፣ የዘይት ሙቀት ከአዳማ ሲመለስ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሽቅብ 108 ዲግሪ፣ ዳገቱ ላይ 101 ተለካ። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ ዘይት ውስጥ የገባ ውሃና ቤንዚን እንዲተን መቶን ማለፍ አለበት። ሞተሩ ከዘይት ፊልትሩ በላይ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ከፋብሪካው አለው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ደግሞ ተርሞስታት የለውም፤ በሱሉልታ የታኅሣሥ ጠዋት ተገጥሞ ቢሆን ዘይቱ ከተማ እስኪደርስ 70 አይሞላም ነበር። ይህን መኪና በተከታታይ የሚያስሮጥ፣ ወይም ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ የዓባይን በረሃ ከድልድዩ እስከ ደጀን ሙሉ ረግጦ የሚወጣ ሰው ቢሆን መልሱ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያኔም ቢሆን 80 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ተርሞስታት ካለው ዕቃ ጋር። ትልቅ ተርቦ ላስገባ መኪናም ከፊት የሚገጠመው ኢንተርኩለር ቅንጦት አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ እንዲህ ያለ መኪና ሲበላሽ ተመሳሳዩን ፈልጎ መግዛት ቀላል አይደለም። ባለቤቱም በዚህ ሐሳብ ዝቅ ያለውን የተርቦ ግብ ተቀብሎታል። 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሲስተሙ በ1.1 ባር ለአሥር ደቂቃ ተፈተሸ፤ መርፌው አልወረደም። በራዲያተሩ ዙሪያ ካለው ስፖንጅ የግራው ጎን ለቋል፤ በሚቀጥለው ዘይት ቅየራ ይለጠፋል፣ በራዲያተሩና በኮንደንሰሩ መካከል የገባው አቧራም አብሮ ይታጠባል።